የማቋረጫው ቁልፍ

ሸዕባን ሁለቱን ላፕቶፖች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋና፣ ልጁን እንደሚድር ሽማግሌ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቆመ።

«እንግዲህ መሪጌታ፣ አንዷ ደልደል ያለች ናት፤ አንዷ ቀጠን ያለች። ሁለቱም ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ምርጫው የእርስዎ ነው» አለ።

መሪጌታ ምሥጋናው ፈገግ አሉ። አጠገባቸው የቆመችው ታናሽ እህታቸው ሰብሌ ግን አልሳቀችም። ላሊበላ ከንጋት ጀምሮ መብራት ጠፍቶባታል፤ መሣሪያዎቹ የሚሠሩት በባትሪያቸው ነው። ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ወንድሟ ከሁለቱ አንዱን ይዘው ካህናት ማሠልጠኛው ውስጥ ለፈተና ይቀርባሉ። ሸዕባን ዕቃውን ከወልድያ ያስገባው ገና ትናንት ማታ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሰነበተና ሲከፈት ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ላይ ተደራረበ። የቀረውንም ላፕቶፕ ኮን ከተማ ያለ ሌላ ገዢ ስለሚጠብቀው፣ እኩለ ቀን ላይ በሚነሣው መኪና ይልከዋል። ዛሬ የተመረጠው ተመረጠ፤ ነገ መጥቶ መለወጥ የለም።

መሪጌታ ገና በሕፃንነታቸው ነበር ኩፍኝ ዓይናቸውን የወሰደው። ነአኩቶ ለአብ ገዳም ተቀምጠው ድጓውን በጆሯቸው ተማሩ፤ በጆሯቸውም አስተማሩ። ማሠልጠኛው አሁን መምህር ይፈልጋል። ተማሪዎቹ ጽሑፋቸውን በኮምፒውተር ጽፈው ስለሚያስገቡ፣ መምህሩ ራሱ አንብቦ፣ ራሱ አርሞ መመለስ አለበት። «ያለ ሰው ዓይን የሚችሉ ከሆነ ቦታው የእርስዎ ነው» ተብለዋል። ካልቻሉ ከወልድያ የሚመጣ ሌላ ሰው አለ።

ሰብሌ ወንድሟ ይህን ቦታ ለምን እንደሚፈልጉት ታውቃለች። ዕድሜያቸውን በሙሉ ያነበቡት በሰው ዓይን ነው። የሰው ዓይን ደግሞ ይደክመዋል፤ መስመር ይዘልላል፤ ያልወደደውን ገጽ ሁለቱን አንድ ላይ ይገልጣል። መሪጌታ ሲዘለልባቸው ይሰማሉ። «የሚያነብልህን ሰው አትቆጣውም፤ ከተቆጣኸው ነገ አይመጣማ» ብለዋት ነበር አንድ ቀን። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ምሬት አልነበረም፤ እሷን የከነከናት ግን ይኸው ምሬት ማጣታቸው ነበር።

ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል። መሪጌታ አጠቃቀሙን ደሴ ላይ ለዓይነ ስውራን በተሰጠ ሥልጠና ተምረውታል፤ ቁልፎቹን በጣታቸው አጥንተዋል። የጎደላቸው መሣሪያው ብቻ ነበር። ሰብሌ ከተማረችበት ከሆላንድ ይዛው የመጣችው የራሷ ኮምፒውተር ልስልስ ያለ መስታወት ነው፤ ፊደሎቹ ለዓይን ይታያሉ እንጂ በጣት አይያዙም። ስትገዛው ይህ ነገር በሐሳቧ ሽው አላለም። እዚያ ሳለች ለወንድሟ የሚሆን ፍለጋ ብዙ ምሽት ኢንተርኔት ላይ አፍጥጣለች። ያነበበችው ሁሉ ግን ስለ ስክሪኑ ስፋት፣ ስለ ምስሉ ጥራት፣ ስለ ካሜራው ነበር።

ፕሮግራሙን ከፍላሽ ወደ ሁለቱም ጫነችና በትልቁ ጀመሩ።

የትልቁ ድምፅ ጎላ ያለ ነው። ሱቁን ሞላው፤ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎችም ቆም ብለው አዳመጡ። ጥቂት ቆይቶ ግን ከሆዱ ውስጥ ማቀዝቀዣው ተነሣና እንደ ንብ ቀፎ እምም ይል ጀመር። መሪጌታ አንድ ቁልፍ ነክተው ጠበቁ። ድምፁ ዘግየት ብሎ የፊደሉን ስም ጠራ። ሌላ ነኩ፤ እንደገና ጠበቁ። ምንም አላሉም። ሰብሌ ዝምታቸውን ደስታ አድርጋ ወሰደችው።

ከዚያ ወደ ትንሹ ዞሩ። ክዳኑ ተፋፍቋል፤ አንድ ጥጉ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል። ድምፁም ቀጭን ነው። መሪጌታ እጃቸውን በቁልፎቹ ላይ ዘርግተው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ከጎረቤቱ ለየት ብሎ ጉብ ያለ ነበር። ሰብሌ ስለ ጾም የተጻፈ ረዥም ጽሑፍ ከፈተችላቸው። ማሽኑ ማንበብ ጀመረ።

«አሁን ያቁሙት ጋሼ» አለቻቸው።

«እሺ» አሉ። ጣታቸው በግራ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ ወዳለችው ቁልፍ ሄደ። እሷን ሲጫኑ ንባቡ ይቆማል። ጣቱ ቁልፏ ላይ አረፈ። ማሽኑ ግን ማንበቡን ቀጠለ። አንድ አንቀጽ ጨረሰ፤ ሁለተኛውን ጀመረ። ሰብሌ አሁንም ያቁሙት አለች፤ እሳቸውም እሺ አሉ። ማሽኑ ገጹን ጨርሶ በራሱ ጊዜ ዝም አለ። ሌላ ጽሑፍ ከፈተች፤ ያም እንደዚያው እስከ መጨረሻው ተነበበ።

ሰብሌ ትንሹን ወደ ሸዕባን ገፋ አደረገችው። ማቋረጫው የማይሠራ ዕቃ ለዓይነ ስውር ሰው እንዴት ታቀርባለህ፣ ለዚያውም በፈተና ቀን፣ አለችው። ማየት የማይችል ሰው ምን ያውቃል ብሎ የተበላሸ ነገር የሚያስይዝ ነጋዴ ሞልቷል፣ ብላም ጨመረች።

የሸዕባን ፊት ተለወጠ። «እህቴ፣ እኔ ለመሪጌታ የተበላሸ ዕቃ ከማስይዝ ሱቄን ብዘጋ ይሻለኛል። ነይ እዪው» አለና ማሽኑን እንደገና አስጀምሮ ያቺኑ ቁልፍ በአንድ ጣቱ ነካት። ድምፁ ቃል መሐል ላይ ቀጥ አለ።

መሪጌታ ትከሻቸውን ሸምቀቅ አደረጉ፤ አጠገባቸው አንድ ሰው በጥፊ የተመታ ይመስል።

«ምነው ሸዕባን፣ እያነበበ እኮ ነው» አሉ።

ሸዕባን ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሰብሌ ወንድሟን ትኩር ብላ አየቻቸው። ቁልፏ ደህና ነበረች። ያልተጫኑት እሳቸው ናቸው።

ነገሩ ወዲያው ገባት፤ መግባቱ ግን ይበልጥ አስፈራት። ድጓ ቤት ውስጥ የሚያነብ ሰው አይቋረጥም። ተማሪ ጥያቄ ቢኖረው፣ ቢያስለው፣ ዝናብ ቢጥልበት አንባቢው ማረፊያው ላይ እስኪደርስ ይጠብቃል። በዓይን የሚማር ሰው ይህን ሥርዓት ከቅጥሩ ሲወጣ ሊረሳው ይችላል። ዕውቀቱ ሁሉ በሌላ ሰው ድምፅ በኩል የመጣለት ግን እንዴት አድርጎ ይረሳዋል?

«ማሽን ነው ጋሼ» አለች ዝግ ብላ።

«አውቃለሁ።»

«ካወቁ ለምን አይጫኑትም ታዲያ?»

«እኔ አውቃለሁ። ጣቴ አያውቅማ።»

ሰብሌ ትልቁ ይወሰድ ብላ ተከራከረች። ንባቡን ማቋረጥ ካልቻሉ ቢያንስ ድምፁ ይሰማ፤ አዲስም ይመስላል። ፈታኞቹ ዓይን ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ በፕላስተር የተለጠፈ ነገር ይዞ የገባን ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ይመዝኑታል። ይህን ስትል ሆላንድ ውስጥ ስንት ጊዜ በልብሷ፣ ስንት ጊዜ በአነጋገሯ እንደተመዘነች እያሰበች ነበር። የማትናገረው ሌላም ነገር ነበራት፤ ሰባት ዓመት ርቃ የተማረች ሰው፣ ለወንድሟ አንድ ዕቃ እንኳ በትክክል መምረጥ ካልቻለች ምን ይዛ መጣች?

መሪጌታ አቋርጠዋት አያውቁም፤ አሁንም እስክትጨርስ ጠበቁ።

«የትልቁ ድምፅ ያምራል» አሉ በመጨረሻ። «ግን ስጠራው ቶሎ አይመጣም። ይኸኛው ገና ስነካው ይመልስልኛል። የሚንቀውም ይናቀው ሰብልዬ፤ ብቻ እኔ ላንብበት።»

ትንሹን ያዙ። ሸዕባን ገመዱን ጠቅልሎ ከረጢቱ ውስጥ እያስገባ፣ አላህ ያቅናዎት መሪጌታ፣ አላቸው፤ ለሰብሌ ግን ምንም አላላትም። ትልቁን ጠቅልሎ ለኮኑ መኪና ሊያደርስ ወጣ።

ማሠልጠኛው ቅጥር ውስጥ ቀድመው ደረሱና ወይራው ሥር ተቀመጡ። ሰብሌ ጊዜዋን ልታባክን አልፈለገችም። ማሽኑን ጭናቸው ላይ አድርጋ አለማመደቻቸው። አሁን ስትል ጣታቸው ይነሣል፤ አየር ላይ ይቆያል፤ ማሽኑ አራት ነጥብ ላይ ሲደርስ ብቻ ይወርዳል። ጨርሶ ዝም ያለን ነገር ዝም እንዳሰኙ ሁሉ፣ እነሆ አቆምኩት፣ ይሏታል። ሰብሌ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ ይመጡባት ነበር።

ልትቆጣቸው አልቻለችም፤ ነገሩ በራሷ ደርሷል። ሆላንድ የመጀመሪያውን ዓመት ስብሰባ ላይ ስትቀመጥ ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ ትጠብቅ ነበር። የሚጨርስ ሰው አልነበረም፤ አንዱ የሌላውን አፍ እየነጠቀ ስብሰባው ያልቃል፤ እሷም የያዘችውን ሐሳብ እንደያዘች ትወጣለች። ቆይታ እሷም መንጠቅን ተማረች። አገሯ ስትመለስ ደግሞ ጎረቤቶች ሰው ሳይጨርስ ትናገራለች ብለው አሟት። ከሁለቱ ቦታዎች የትኛው እንዳበላሻት እስካሁን አልቆረጠችም። ለወንድሟ አሁን እየመከረች ያለችውም ያንኑ መንጠቅ ነበር።

ፈታኞቹ ሁለት ናቸው። አባ ገብረ ዮሐንስ የማሠልጠኛው የበላይ፣ ዕድሜ የጠገቡ መነኩሴ፤ መምህር የአብስራ የትምህርቱ ክፍል ኃላፊ፣ ገና ወጣት፣ ሁሉን ነገር በጊዜው የሚወድ። ሰብሌ ዳር ግድግዳው ሥር እንድትቀመጥ ተፈቀደላት፤ አንድ ቃል ከተነፈሰች ግን ፈተናው እንደሚሰረዝ የአብስራ በትሕትና አስታወቃት። ክፍሉ ውስጥም መብራት የለም። ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫም አይፈቀድም፤ ማሽኑ የሚለውን ሁሉም መስማት አለበት።

የአብስራ ፍላሹን ሰካ። ጽሑፉ የአንድ ተማሪ ነው፣ ስለ ዐቢይ ጾም ሳምንታት፤ ስሕተቶች አሉበት። መሪጌታ እያንዳንዱን ስሕተት በቦታው አርመው፣ ከሥሩ አስተያየታቸውን ጽፈው፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ያስረክባሉ።

ቀጭኑ ድምፅ ማንበብ ጀመረ። ገና በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ተማሪው ከቅድስት ቀጥሎ መፃጉዕ ይውላል ብሎ ጽፏል፤ ምኩራብን ዘሎታል። ሰብሌ የመሪጌታ ቅንድብ ሲነሣ አየች። ጣታቸው ግን አልወረደም። ድምፁ ስሕተቱን አልፎ ሄደ፤ ሌላ ስሕተትም አለፈ፤ ሌላም። እስከ ገጹ መጨረሻ አነበበና ዝም አለ።

«ምን አገኙበት መሪጌታ?» አሉ አባ ገብረ ዮሐንስ።

መሪጌታ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገሩ፤ የትኛው ሳምንት የት እንደተዘለለ፣ የትኛው ምስባክ ያለቦታው እንደገባ። መነኩሴው ደስ አላቸውና ራሳቸውን ነቀነቁ። የአብስራ ግን ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አደረገ።

«ዕውቀትዎን ማንም አይጠራጠርም። ጽሑፉ ላይ ግን እስካሁን አንድ ፊደል አልተነካም። ተማሪው አርባ ነው መሪጌታ። በቃል ልንመልስለት አንችልም።»

ሰብሌ ሰውየውን ልትጠላው ፈልጋ ነበር፤ እውነቱን መሆኑ ግን ከለከላት።

መሪጌታ እንደገና ከመጀመሪያው አስነሡት። ድምፁ ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ደረሰ። ጣታቸው ቁልፏ ላይ ማረፉ ከግድግዳው ሥር ይታያል። መፃጉዕ የሚለው ቃል መጣ፤ አለፈ። ሰብሌ ሳታስበው ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሦስት አራት እርምጃ ብትራመድ፣ አንዲት ቁልፍ ብትነካላቸው፣ ያ ሁሉ ነገር ያበቃል። አባ ገብረ ዮሐንስ ዓይናቸውን ወደ እሷ መለሱ። ተቀመጠች። ድምፁ ሁለተኛውንም ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበበ።

የአብስራ ሰዓቱን አየ። «ለመሆኑ ምንድነው የሚጠብቁት?» አለ፤ በቁጣ ሳይሆን ግራ በገባው ሰው ድምፅ።

«እስኪጨርስ።»

«ማን እስኪጨርስ?»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ የአብስራ አቅጣጫ መልሰው ጠየቁ።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?»

ስሙን መናገር እንደማይፈቀድ የአብስራ ገለጸ፤ ከሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አንዱ ነው አለ።

«ተማሪ ነው።»

«አዎ፣ ተማሪ ነው።»

«ተማሪ ነዋ» አሉ መሪጌታ፣ አሁን ለራሳቸው። አንድ ነገር የጠፋበት ሰው ኪሱን እንደሚዳብስ ቃሉን ደጋገሙት። በድጓ ቤት አንባቢን የሚያቋርጥ የለም፤ ከአንድ ሰው በቀር። ተማሪ ተሳስቶ ሲያነብ መምህሩ ባለበት ላይ ያቆመዋል፤ ማቆም መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው፤ ስሕተቱን ካሳለፈው ጥፋቱ የመምህሩ ይሆናል። መሪጌታ ይህን ሲያደርጉት ኖረዋል። ይህን ቀጭን ድምፅ ግን ከጠዋት ጀምሮ የሰሙት ከሥሩ ተቀምጠው ነበር፤ ሲያነብላቸው እንደኖረ ሰው ሁሉ፣ እንዳይቀየማቸው እየፈሩ።

ሰብሌ ጀርባቸው ቀና ሲል አየች። ጉልበታቸውን ገጥመው፣ አገጫቸውን አነሥተው፣ ነአኩቶ ለአብ ተማሪዎቻቸው ፊት እንደሚቀመጡት ተቀመጡ። ማሽኑን ከመጀመሪያው አስነሡት።

«...ከቅድስት ቀጥሎ ያለው ሳምንት መፃ—»

ጣታቸው ወረደ። ድምፁ እዚያው ላይ ቀጥ አለ፤ ወደሚቀጥለው ቃል ፈቀቅ አላለም።

«ተመለስ» አሉት በዝግታ።

ምኩራብን በቦታው ጻፉ። እያንዳንዷን ፊደል ሲነኩ ማሽኑ ወዲያው እየጠራ መለሰላቸው። ቀጠሉ፤ እንደገና አቆሙት፤ እንደገና ጻፉ። አንድ ቦታ ላይ ተማሪው ያልተረዳውን ነገር በረዥም ዐረፍተ ነገር ሸፋፍኖት ነበር፤ መሪጌታ መሐሉ ላይ አቋርጠው፣ «ይህን አንተም አላወቅኸውም» አሉት፤ አባ ገብረ ዮሐንስም በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ሰብሌ ትልቁን ላፕቶፕ አስታወሰች። ያ ቢሆን ቁልፉ ተነክቶም ድምፁ ሁለት ሦስት ቃል አልፎ ነበር የሚቆመው፤ መሪጌታም ስሕተቱን እንደገና ወደ ኋላ እየዳበሱ ይፈልጉት ነበር። ያን እንዲይዙ ነው ጠዋት የተሟገተቻቸው። ፊቷ ጋለ።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። የአብስራ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያም ከታች እስከ ላይ አየው። አንድ ስሕተት አልታረመም አለ። አባ ገብረ ዮሐንስ አጎንብሰው አዩትና፣ እሱ ስሕተት አይደለም፣ ሁለቱም መንገድ ይባላል አሉ። የአብስራ አፍታ አሰበና መነኩሴውን አመነ። ወጥተው ተመካከሩ፤ ቆዩ። ሲመለሱ የአብስራ ነበር የተናገረው። ለአንድ መንፈቅ እንዲያስተምሩ ተስማምተዋል፤ ከዚያ በኋላ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች ፍላሹ ላይ አሉ፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ታርመው ይመለሱ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ መሪጌታ።

ቤት ሲደርሱ ገና አልመሸም፤ መብራትም መጥቶ ነበር። መሪጌታ እራት ይቅረብ ሲባሉ ቆይ ብለው ወደ ጓዳ ገቡና ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ ከፈቱ። ሰብሌ ዱካ አንሥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነበር የምትቀመጠው፤ በቀኛቸው፣ ትንሽ ወደ ፊት ወጣ ብላ፣ ዓይኗ ጽሑፉ ላይ። ማሽኑ የመጀመሪያውን ተማሪ ስም ጠራ። የጎረቤታቸው የሽታዬ ልጅ ነው። ሰብሌ ቀድማ የሚቀጥለውን መስመር አነበበችና ሳቅ አመለጣት።

ድምፁ ቆመ።

«እያየሽው ነው?» አሉ መሪጌታ።

«አዎ ጋሼ። ይህማ ገና ከመጀመሪያው—»

«ተይው ሰብልዬ።» ድምፃቸው ገር ነው። «የተማሪ ጽሑፍ ነው። አደራ ብሎ ለመምህሩ ነው የሰጠው።»

ጣቶቻቸው ስክሪኑን ብቻ የሚያጠፉትን ሦስት ቁልፎች ፈልገው አንድ ላይ ተጫኑ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ማንም ሊያየው የሚችል ነገር አልቀረም። ቀጭኑ ድምፅ ግን ከጨለማው ውስጥ ንባቡን ቀጠለ፤ መሪጌታም ፊታቸውን ወደ እሱ ዘንበል አደረጉ።

ሰብሌ ከሆላንድ ስትመለስ ለጠየቃት ሁሉ ወንድሜ የሚያነብለት የለም ትል ነበር፤ ሰውም መልካም አደረግሽ ይላት ነበር። ነገ አንድ ሰው ለምን እንደመጣች ቢጠይቃት ምን እንደምትመልስ አሰበች። ዱካውን አንሥታ ወደ ደጅ ወጣች፤ የት እንደምታስቀምጠው ሳትወስን እንደያዘችው ቆመች።